ሰላምታ ያበዛው ፀጉር አስተካካይ

አባቷ አሁንም ቆመ። ልጅቷ በንዴት ቦርሳዋን ከአንዱ ትከሻዋ ወደ ሌላው አዛወረች። ክሊኒኩ ቅርብ ነው፤ እሱ ግን ያገኘውን ሁሉ ሰላም ሳይል አያልፍም። አሁን ደግሞ የያዘው ሥጋ ሻጩን ነው፤ ዓመት ሙሉ የተኳረፈውን ሰውዬ።

«ልጆች ደህና? ሥራ እንዴት ነው?»

ሥጋ ሻጩ ግራ ገብቶት ቢላዋውን እንደያዘ ቀረ።

«አባዬ፣ ከዚህ ሰውዬ ጋር መቼ ታረቃችሁ?» አለችው ራቅ ሲሉ።

«ሰላምታ የእግዜር ነው፤ ምን አነጫነጨሽ?»

ጥቂት ደህና ተራመደና ፊቱ ተጨማደደ። ባቱን ያዝ አድርጎ የመድኃኒት ቤቱን ዘበኛ ስለ ጤናው ይጠይቀው ጀመር።

ቤተሰቡ የሚያውቀው የወገብ ሕመም እንዳለበት ነው። ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ሰው ጭንቅላት ላይ እንዳጎነበሰ ኖሯል።

«እግርዎ ሲታመም በምን ይሻልዎታል?» አለችው ክሊኒኩ ውስጥ ሐኪሟ። «ቁጭ ወይም ጎንበስ ሲሉ ከሆነ ከአከርካሪ የመጣ ይሆናል። እንዲሁ ቆም ሲሉ ብቻ የሚለቅዎት ከሆነ ግን የደም ዝውውሩን ማየት አለብን።»

«ቁጭ ካላልኩማ አይለቀኝም» አለ አባቷ ፈጥኖ። «ወገቤ ነው፣ ዶክተር።»

ልጅቷ ዞራ አየችው። መንገድ ላይ አንድም ቀን ቁጭ ሲል አላየችውም። ያንን ሁሉ ሰላምታ የሚያዥጎደጉደው ቀጥ ብሎ ቆሞ ነው፤ ለካ ሕመሙ እስኪለቀው ነው። የታላቅ ወንድሙ እግር የተቆረጠው የደም ሥሩ ተዘግቶ ነው፤ እሱም ያንን ፈርቶ ወገቡን መረጠ። ልጅቷ በገነች። በሽታ እንደ ሸሚዝ ይመረጣል እንዴ? ደንበኛ ጭርቱን ሲደብቀው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያለ የሚቆጣው እሱ ራሱ አይደል?

ሐኪሟ የወገብ ቀበቶ ልታዝለት ብዕሯን አነሳች። አባቷ ልጁን በዓይኑ ዝም አሰኛት። አባትን ሰው ፊት ማሳጣት ነውር መሆኑን ታውቃለች።

«ቆሞ ነው የሚለቀው» አለች። «መንገድ ላይ ቁጭ ብሎ አያውቅም። አጎቴንም እንዲህ ነበር የጀመረው።»

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?» አለ አባቷ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። «እስቲ ጫማዎን ያውልቁ።»

አባቷ አልተንቀሳቀሰም፤ ግድግዳውን እያየ ቀረ። ልጅቷ ወለሉ ላይ ተንበረከከችና የጫማውን ክር ፈታች። ካልሲውን ስታወልቀው እግሩ በረዶ ነበር። በሁለት እጇ ያዘችው።