የማንም ያልሆነው ዘፈን

ሽማግሌው ዘፋኝ በገዛ ቤታቸው የውጭ ደረጃ ሥር በጀርባቸው ተንጋለው ተገኙ። አንደኛው ነጠላ ጫማቸው ከደረጃው ጫፍ፣ በሩ አጠገብ ቀርቷል። በጠቋሚ ጣታቸው ላይ ቡናማ፣ ስስ፣ የሚያብለጨልጭ ነገር ተጠምጥሟል።

«የቀሚስ ጥብጣብ ነው» አለ ሳጅኑ፣ ገና መርማሪዋ ከመኪና ሳትወርድ። «ግድግዳ ለግድግዳ የምትጎራበታቸው ልብስ ሰፊ አለች። ትናንት ከሰዓት በራቸው ላይ ቆማ ስትጮህባቸው ያልሰማ የለም። አለቃ፣ ይኼ ነገር ያለቀለት ነው። ሳንውል ሳናድር እሷን አስረን እንገላገላለን።»

መርማሪዋ ስታስብ ዝም ትላለች፤ ዝም ስትል ደግሞ ሳጅኑ የተስማማችለት ይመስለዋል። በዚህ ምክንያት ሁለቱ ለዓመታት ሳይጣሉ አብረው ሠርተዋል። ጎንበስ ብላ ጣታቸውን ደህና አድርጋ አየች፣ ጥብጣብ የተባለውን ነገር በጥንቃቄ ፈትታ በፖስታ ከተተችና ደረጃውን ወጣች።

ቤቱ አንድ ክፍል ነው። አንድ ወንበር፣ አንድ ኩባያ፣ ታጥቦ የተደፋ አንድ ሳህን። አሮጌው ቴፕ አፉን ከፍቶ ባዶውን ተቀምጧል። መርማሪዋን ያስገረማት አቀማመጡ ነው፤ ድምፅ ማጉያው ወደ ክፍሉ ሳይሆን ወደ ግድግዳው፣ ወደ ጎረቤት ዞሯል። ሳጅኑ «ተንኮለኛ ሽማግሌ፣ ሆን ብለው ነበር የሚረብሿት» ብሎ ሳቀ። እሷ ግን ግድግዳውን በመዳፏ ዳሰሰች። ባሏ ከሞተ ወዲህ እሷም ራሷ በማትቀመጥበት ክፍል ውስጥ ሬዲዮ ከፍታ ትተዋለች፣ ቤቱ ሰው ያለበት እንዲመስላት። ለብቻው የሚኖር ሰው የሌላ ሰው ግድግዳ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ልብስ ሰፊዋ ስፌት መኪናዋ ኋላ ተቀምጣ ጠበቀቻቸው። ወጣት ናት፤ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። በክፍሏ ውስጥ ቀሚስ የለበሰ አሻንጉሊትና በዘንግ ላይ የተሰካ ስልክ አለ።

«ልታስሩኝ ነው አይደል፣ እትዬ?»

«መጀመሪያ ለምን እንደጮህሽባቸው ንገሪኝ።»

«እንጀራዬን ስለዘጉብኝ ነዋ! ልብስ የምሸጠው በስልክ መተግበሪያ ላይ በምለጥፈው ቪዲዮ ነው። ለብሼ ዞር ዞር እላለሁ፣ ስለ ጨርቁ እናገራለሁ፣ ሰው ያዛል። የጋሼ ዘፈን ደግሞ በግድግዳው ያልፋል። መተግበሪያው ዘፈኑን ሲሰማ ቪዲዮዬን ጭጭ ያደርገዋል። አፌ ሲከፈት ሲዘጋ ብቻ ይታያል፤ ማን ይገዛኛል?»

«ዘፈኑ የራሳቸው አይደለም እንዴ?»

«ጥንት ለቀዳቸው ባለ ስቱዲዮ ሸጠውታል። በገዛ ድምፃቸው እንኳ አያዙም። ለጨዋታ የሚለጥፍን ሰው መተግበሪያው አንዳንዴ ያልፈዋል። እኔ ግን ነጋዴ ነኝ፤ ባለቤቱን ሳላስፈቅድ በሰው ዘፈን ልሸጥ አልችልም ይላል ደንቡ።»

«ትናንትስ ምን ተፈጠረ?»

ልጅቷ በእጅጌዋ ዓይኗን ጠረገች። «ሰሞኑን ድምፃቸው ጠፍቶ ነበር፤ እፎይ ብዬ ነበር። ትናንት ግን በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቅ ዘፈን ከፈቱ። ቪዲዮዬን ለጠፍኩ፤ አሁንም ጭጭ! ሄጄ በራቸውን ደበደብኩ። ፈገግ ብለው ነው የከፈቱልኝ፣ ይግረምዎት። ‹ዛሬም አስዘጉብኝ!› ስላቸው ‹ኧረ አይሆንም፣ ይኼማ ማንም ዘንድ የለም› አሉኝ። ስልኩን አሳየኋቸው። ‹የሰው ንብረት› የሚለውን አነበቡና ፊታቸው አመድ መሰለ። እኔም የአፌን ተናግሬ ሄድኩ።»

መርማሪዋ ስልኩ ላይ የቀረውን፣ ድምፁ ያልተዘጋውን የትናንቱን ቪዲዮ አስከፈተችና አዳመጠች። ከልጅቷ ድምፅ ኋላ የሽማግሌው ዜማ በቀስታ ይመጣል። ደጋግማ ሰማችው። ሳጅኑ ማዛጋት ጀመረ።

የሟቹ ታናሽ ወንድም የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነው። ግቢው ውስጥ መኪናውን ሳያጠፋ ተቀምጦ ቆያቸው። ቤቱን ለመሸጥ ሲወተውት እንደኖረ ሳጅኑ ከጎረቤት ሰምቷል።

«እውነት ነው፣ ቤቱ እንዲሸጥ እፈልግ ነበር» አለ ሳይደብቅ። «ወንድም ጋሼ ሲደውሉ የማላነሳውም ለዚያ ነው። ጭቅጭቅ ጠልቼ።»

«አንስተው አያውቁም?»

«በቀደም አነሳሁ። አዲስ ዘፈን ሠራሁ አሉኝ። በዚያ ዕድሜያቸው! ካንድ ሰው በቀር ማንም አልሰማውም አሉ።»

«አንዱ ሰው ማን ነው?»

ወንድምየው መሪውን ጨብጦ ቁልቁል አየ። «አልጠየቅኋቸውም። ሥራ ላይ ነኝ ብዬ ዘጋሁት።» ከዚያ እጁን ወደ ቁልፉ ሰዶ መኪናውን አጠፋ።

ባለ ስቱዲዮው ግን ወሬ የማያልቅበት፣ ሽቅርቅር ያለ ሽማግሌ ነው። ስቱዲዮው አቧራ ይሸታል። ማይክሮፎኑ በጨርቅ ተሸፍኗል። ግድግዳው ከወለል እስከ ጣሪያ ካሴት ነው፤ በአንዱ ጥግ መቀስና ማጣበቂያ ተዘርግቷል።

«እኔ ካሴት አልጥልም» አለ በኩራት። «የተበጠሰውን እቀጥላለሁ፣ የሻገተውን እጠርጋለሁ። በዚህ ሥራ ያደገ ሰው ድምፅ መጣል አይሆንለትም።»

«ሟቹን መቼ አዩዋቸው?»

«ኧረ ከተያየን ዘመን ሆኖናል። መዝፈን እርግፍ አድርጎ ትቶ ነበር። ነፍሱን ይማረው፤ ወጣትነታችንን አብረን ነው የጨረስነው።»

«መተግበሪያዎቹ ዘፈን የሚዘጉት እንዴት ነው? እኔ ለዚህ ነገር ጨለማ ነኝ።»

ባለ ስቱዲዮው ወንበሩን ሳበ። የሚጠይቀው ሰው ከናፈቀው ቆይቷል። «እኛ ዘፈናችንን እናስረክባለን። መተግበሪያው ከቅጂው እንደ ጣት አሻራ ያለ ምልክት ይወስድና ሰው ከሚለጥፈው ሁሉ ጋር ያመሳክራል። ከገጠመና ባለቤቱ ካልፈቀደ ይዘጋዋል። አለበለዚያ ባለመብቱ ድርጅቱን ፍርድ ቤት ይገትረዋላ! ፈቃዱም ቢሆን እንደ አገሩና እንደ ውሉ ይለያያል፤ እዚህ የተከፈተ ዘፈን ሌላ አገር ዝግ ሊሆን ይችላል።»

«አንድ ሰው ዜማውን ቢያንጎራጉረውስ?»

«ብዙ ጊዜ አይነቃበትም። የሚያውቀው ያንኑ ቅጂ ነው።»

«ያልተረከበውን ዘፈንስ?»

«ከየት አምጥቶ ያውቀዋል? ጠንቋይ አይደለም» ብሎ ከልቡ ሳቀ።

«ያስረከበው ሰው እውነተኛው ባለቤት መሆኑንስ ያጣራል?»

ሳቁ ትንሽ ቀዘቀዘ። «ቀድሞ የመጣውን ያምናል። ቅር ያለው ኋላ ይከራከር።»

መርማሪዋ አመስግናው ወጣች። ደጅ ላይ ሳጅኑን «እስቲ አንድ ነገር አንጎራጉርልኝ» አለችው። ሳጅኑ አለቃው ያበደች መስሎት ፈገግ አለ፤ ሆኖም ታዘዘ።

በማግስቱ ከሰዓት ሁሉንም በሟቹ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ወንበሩ አንድ ስለሆነ ማንም አልተቀመጠበትም። ልብስ ሰፊዋ በሩ አጠገብ ቆማ እጇን ታፍተለትላለች፤ ሳጅኑ የካቴናውን ኪስ ሲዳስስ አይታዋለችና።

«ከጣታቸው ልጀምር» አለች መርማሪዋ። «ይኼ ጥብጣብ አይደለም፤ የካሴት ክር ነው። ቴፑ ደግሞ ባዶ ነው። ስለዚህ ሽማግሌው የሞቱት ካሴት ከእጃቸው ሲነጠቁ ነው። ቤቱ ውስጥ ሌላ የተነካ ነገር የለም። ያንን ካሴት ይህን ያህል የፈለገው ማን ነው?»

«ዘፈኑን ልታስዘጋ የፈለገችው ናታ» አለ ወንድምየው፣ ልጅቷን ሳያያት።

«እኔም ያንን አስቤ ነበር። ነገር ግን ይህችን ስሙ።» የልጅቷን ስልክ አነሳች። «ትናንት ሁለት ቪዲዮ አስለጠፍኳት። በአንደኛው ሳጅናችን የሟቹን አዲስ ዜማ ያንጎራጉራል። እግዜር ይስጠው፣ መተግበሪያው በዝምታ አሳለፈው።»

«ድምፄ እንዲህ መጥፎ አይደለም» አለ ሳጅኑ።

«በሁለተኛው ከዚያ ቀን ቪዲዮ ኋላ የተቀዳውን የሽማግሌውን ድምፅ አደረግን። ወዲያው ተዘጋ። እንግዲህ መተግበሪያው የሚያውቀው ዜማውን ሳይሆን ያንኑ ቅጂ ነው። ያልተረከበውን ደግሞ አያውቅም። ጠንቋይ አይደለም፤ እርስዎ ነዎት የነገሩኝ።»

ባለ ስቱዲዮው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ታዲያ ማንም ያልሰማው ዘፈን ገና ከጠቡ በፊት እንዴት የሰው ንብረት ሆኖ ተገኘ? አንድ ሰው ቀድሞ አስረክቦታል። ይህች ልጅ የራሷን ቪዲዮ የሚያስዘጋባትን ዘፈን አታስረክብም። ወንድምየው ዘፈኑን መስማት ይቅርና ስልክም ዘግተውባቸዋል። ሟቹ ግን ለአንድ ሰው አሰምቻለሁ ብለዋል። ካሴት ወደ ስልክ እንዲገለበጥለት የሚፈልግ ሽማግሌ ወዴት ይሄዳል? አብሮት ወዳረጀው ወዳጁ ነው። ልጅቷ ስልኩን ስታሳያቸው ፊታቸው አመድ የመሰለው እሷ ስለጮኸች አልነበረም። የከዳቸው ማን እንደሆነ በዚያች ደቂቃ ስለገባቸው ነው። የሰረቀ ሰው ደግሞ በእጃቸው የቀረው ካሴት ያስፈራዋል፤ ዘፈኑ የማን እንደሆነ የሚመሰክር እሱ ብቻ ነው።»

«ይኼ ሁሉ ግምት ነው!» አለ ባለ ስቱዲዮው።

«ግምት ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ካሴቱን አቃጥሎት አሁን እጄን አጣጥፌ እቀመጥ ነበር። እርስዎ ግን ካሴት አይጥሉም።»

ሳጅኑ ከኪሱ አንድ ካሴት አወጣ። ጠዋት የፍተሻ ፈቃድ ይዞ፣ ባለ ስቱዲዮው ገና ሳይገባ፣ ከስቱዲዮው መደርደሪያ፣ ከሌሎቹ መሃል ያገኘው ነው። ክሩ ተበጥሶ በጥንቃቄ ተቀጥሏል፤ ከመቀጠያው ላይ ትንሽ ጎድሏል። መርማሪዋ ከሟቹ ጣት የፈታችውን ቁራጭ አጠገቡ አኖረች። የተበጠሰው ጠርዝ ከጠርዝ ጋር ልክክ አለ።

ባለ ስቱዲዮው ግድግዳውን ተደገፈ። ሽቅርቅርነቱ ሁሉ ረገፈ።

«አልገፋሁትም» አለ። «ደውሎ ሰደበኝ፤ ልለምነው መጣሁ። ካሴቱን ይዞ ለፖሊስ አሳያለሁ ብሎ ከቤት ወደ ደረጃው ወጣ። ካሴቱን ሳብኩት። ጥርሱን ነክሶ ያዘው፤ ከዚያ ከእጁ አመለጠና እሱ... እሱ ወደ ኋላ ሄደ።»

«ዘፈኑን ለምን ወሰዱባቸው?»

«ዘፋኝ ወደ እኔ መምጣት ካቆመ ስንት ዘመኑ! ቁጭ ብዬ አቧራ እጠርጋለሁ። እሱ ደግሞ እንዲህ ያለ ዘፈን ይዞ መጣና ‹የማንም እንዳይሆን እፈልጋለሁ› አለኝ። በነፃ! ለአንዲት...» ተናግሮ ሳይጨርስ ወደ በሩ አየና ዓይኑን ሰበረ።

መርማሪዋ ካሴቱን ቴፑ ውስጥ ከታ ተጫነችው። መጀመሪያ ሹክሹክታ መሰል ድምፅ መጣ፤ ከዚያ ሳል፤ ከዚያ ባለ ስቱዲዮው ከሰረቀው ቅጂ ላይ ቆርጦ ያስቀረው የሽማግሌው ንግግር።

«ጎረቤቴ፣ ልጄ፤ የድሮ ዘፈኖቼ ሥራሽን እየዘጉ አስቸገሩሽ። ልተዋቸው ብዬ ሞከርኩ፤ ቤቱ ጭር ሲል ደግሞ እፈራለሁ። ስለዚህ አዲስ ሠራሁልሽ። ይኼ የማንም አይደለም፤ ማንም አይዘጋብሽም። በየቪዲዮሽ ክፈቺው። አንቺ ስትከፍቺው እኔ በግድግዳው በኩል እሰማዋለሁ።»

ከዚያ ዘፈኑ ጀመረ። ወንድምየው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሳጅኑ ባለ ስቱዲዮውን ይዞ ሲወጣ እንኳ እግሩን ቀስ አድርጎ ነው የረገጠው።

ዘፈኑ እስኪያልቅ ልብስ ሰፊዋ ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም። «አንድም ቀን አዳምጬው አላውቅም» አለች በመጨረሻ። «በግድግዳው ሲመጣ እንዲያቆም ብቻ ነበር የምመኘው። እትዬ... አንዴ ይድገሙልኝ?»

ካሴቱ ማስረጃ ነው፤ ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ በከንቱ መነካካት አይገባም። መርማሪዋ በሩን ገርበብ አደረገችና ክሩን ወደ ኋላ አጠነጠነች፤ ከሳሉ ጀምራ ከፈተችላት።