የተቆለፈበት ማይክሮስኮፕ

ጋሽ ካዝና የትምህርት ቤቱ ንብረት ክፍል ሠራተኛ ናቸው። ስሙን ያወጡላቸው ተማሪዎች ናቸው፤ እሳቸው እጅ የገባ ዕቃ መውጫ የለውማ! ሦስት ማይክሮስኮፖችን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፈው ዘጠኝ ዓመት ሲጠብቁ አንድም አልጠፋባቸውም። በዚህ ይኮሩ ነበር።

አንድ ዓርብ የባዮሎጂ መምህርቷ ለአራተኛ ጊዜ መጣች።

«ጋሼ፣ እኔ የተቀጠርኩት ከሴል ተነስቼ እስከ ሙሉ እንስሳ ላስተምር ነው። ልጆቹ ግን ሴልን የሚያውቁት በጠመኔ ሥዕል ብቻ ነው።»

«ሥዕሉ ምን ጎደለው? ካያያዝ ይቀደዳል ሲባል አልሰማሽም? ቢሰብሩትስ ማን ሊጠየቅ ነው?»

«ሳይነኩት አያያዙን ከየት ይልመዱት?»

«ኮሌጅ ሲገቡ ይደርሱበታል» ብለው ሸኟት።

«ሰኞም እመጣለሁ» አለች መምህርቷ።

በማግስቱ የጋሽ ካዝና ልጅ ከኮሌጅ መጣች። ከዚያው ትምህርት ቤት በከፍተኛ ውጤት ጨርሳ የላቦራቶሪ ሙያ ትማራለች። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

«አባዬ፣ የተግባር ፈተናውን ወደቅኩ። የሴልን ክፍሎች በቃሌ አንበለበልኳቸው። ማይክሮስኮፑ ፊት ስቀመጥ ግን የቱን እንደማዞር ጠፋኝ፤ ናሙናው ያለበትን ስስ መስታወት ሰበርኩት። መምህሩ ሲቆጣኝ ‹የተማርኩበት ትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ አልነበረውም› አልኩት።»

ጋሽ ካዝና እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። የሣጥኑ ቁልፍ እዚያ ነበር። በልጃቸው ፊት አፈሩ።

ሰኞ ጠዋት መምህርቷን ራሳቸው ጠርተው ሣጥኑን ከፈቱት። የሁለቱን ሌንስ ሻጋታ በልቶታል።

«ሻጋታም እኮ ከሴል የተሠራ ሕይወት ነው፤ ጨለማና እርጥበት ሲያገኝ ይራባል» አለች መምህርቷ አዝና። «ልጆቹን ከልክለን እሱን ቀለብነው።»

ሦስተኛው ደህና ነበር። ስስ የሽንኩርት ልጣጭ አስቀመጠችበትና «መጀመሪያ እርስዎ ይዩ» አለቻቸው። ጋሽ ካዝና ጎንበስ አሉ። ሴሎቹ እንደ ጡብ ግድግዳ ተደርድረዋል። ቀና ሲሉ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ይህን ነው ከልጄ ደብቄ የኖርኩት?»

ቁልፉን እዚያው ለመምህርቷ አስረከቡ። ልጃቸውም ለድጋሚ ፈተናዋ በየቅዳሜው እየመጣች ከመምህርቷ ጋር ተለማመደች፤ አለፈችም። አንድ ቀን ጋሽ ካዝና ትምህርቱን ሊያዩ ክፍል ገብተው ሳለ አንድ ተማሪ የናሙና መስታወት ሰበረና ክፍሉ በሙሉ ወደ እሳቸው ዞረ።

«ምን ያፈዛችኋል? ስባሪውን አንሡና ሌላ አምጡ!» አሉ።

ወገኖቼ፣ የትምህርት መሣሪያ የሚጠፋው ሲሰበር ብቻ አይደለም፤ ተቆልፎበት ማንንም ሳያስተምር ሲያረጅም ጠፍቷል። ቁልፉ በእጃችሁ ያለ ሁሉ፣ ዛሬውኑ ክፈቱ።