በቀትር እንቅልፍ የጠፋው መስመር

የኤቫሪስቶ ኪሮጋ ሬሳ የተገኘው ትንሿ ከተማ ሎስ ታላስ ከቀትር እንቅልፏ ስትነቃ ነው። የከተማዋ የኢንተርኔት ኅብረት ሥራ ማኅበር ዋና ባለሙያ ነበር። ጭንቅላቱ ከብረት መደርደሪያ ማዕዘን ጋር ተጋጭቶ በመሣሪያ ክፍሉ ወለል ላይ ወድቋል። የበሩን መክፈቻ ቁጥር ከእሱ ሌላ የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፦ ረዳቱ፣ ሥራ አስኪያጁና የመስመር ሠራተኛው።

መርማሪ ዙሌማ ባሪየንቶስ ከኮርዶባ ስትደርስ ፖሊሶቹ የሟች ረዳት ለሆነችው ለማሪቤል ሶሪያ ካቴና አዘጋጅተው ጠበቋት። ማሪቤል ጠዋት ስትጮህበት ተሰምታለች፤ ሬሳውንም ያገኘችው እሷ ናት። በእኛ ከተማ ሰው ለመወንጀል ከዚህ ያነሰም ይበቃል።

«ቀትር ላይ የት ነበርሽ?» አለቻት ዙሌማ።

«ተኝቼ ነበራ! በዚያ ሰዓት ሰው ሌላ ምን ያደርጋል?»

«ማን አየሽ?»

«ድመቴ። ይጠይቋታ!»

«ጠዋትስ ምን አጣላችሁ?»

«‹ማታ በማኅበሩ ጉባኤ ፊት ጉድ አወጣለሁ› አለኝ። የምን ጉድ? ብዬ ጮህኩበት። አልነገረኝም።» እንባዋ መጣ።

ዙሌማ የሟቹን ኮምፒውተር አየች። «ይሄ ቀይ ምልክት ምንድን ነው?»

ማሪቤል ጠጋ ብላ አነበበች። «ወይ ጉድ! ሩቅ አገር ያለ ድርጅት ተሳስቶ ‹የሎስ ታላስ የኢንተርኔት አድራሻዎች የእኔ ናቸው› ብሎ አውጇል። ዓለምም አምኖት ወደ እኛ የሚመጣውን ሁሉ ወደ እሱ ልኳል። ከምሳ በኋላ ሰው ከእንቅልፉ እስከሚነሣበት ሰዓት ከተማው ኢንተርኔት አልነበረውም።»

«ማንም አላወቀም?»

«ማን ነቅቶ!»

«መከላከያ የለውም?»

«አለው እንጂ። አድራሻው የማን እንደሆነ በዲጂታል ፊርማ ከተረጋገጠ ሌሎቹ ሐሰተኛውን አይቀበሉም። ሥራ አስኪያጃችን ዶን ኦክታቪዮ አምና አስፈርሜያለሁ ብሎ…» ወደ ቀይ ምልክቱ ተመለሰች። «ታዲያ ሐሰተኛውን እንዴት አመኑት?»

«ይህን ለማንም እንዳትናገሪ» አለቻት ዙሌማ።

ሦስተኛው ሰው፣ የመስመር ሠራተኛው ሄርናን፣ ቀኑን ሙሉ የአክስቱ ልጅ ሠርግ ላይ ሥጋ ሲጠብስ ሰው ሁሉ አይቶታል። ኦክታቪዮ ፉኔስ ግን ቀትር ላይ የት እንደነበረ ሲጠየቅ ጢሙን እያሻሸ መለሰ።

«ቤቴ ሆኜ የእግር ኳስ ጨዋታ እያየሁ ነበር። የእኛ ልጆች ሁለት ለአንድ አሸነፉ።»

«በኢንተርኔት?»

«በቀጥታ! በማኅበራችን መስመር ነዋ፣ በከተማው ሌላ ምን አለ?»

«አልተቆራረጠም?»

«አንዴ እንኳ! የኛ መስመር እኮ ነው፣ እመቤት።»

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። የኦክታቪዮ ውሸት ማደር እንኳ አልቻለም።

ማታ ሁሉም በጉባኤው አዳራሽ ተሰበሰቡ። ማሪቤል በሁለት ፖሊሶች መካከል ተቀምጣለች።

«ዶን ኦክታቪዮ» አለች ዙሌማ፣ «ጨዋታውን አይቼዋለሁ ባሉት ሰዓት በዚህ ከተማ አንድም ቤት ኢንተርኔት አልነበረውም። ጎሎቹን ከሬዲዮ ሰሙ። መስመሩ መጥፋቱን ግን ሬዲዮ አልነገረዎትም፤ ተኝቶ የነበረውም ሕዝብ አላወቀም።»

ኦክታቪዮ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ለምን ጠፋ? አድራሻዎቹ ስላልተፈረሙ። ማኅበሩ ለሚያገለግለው ለከተማው ሆስፒታል እንኳ ‹ተጠብቃችኋል› ብለው ዋሹ። ኤቫሪስቶ ይህን ደረሰበት፤ ዛሬ ማታ እዚህ ሊናገረው ነበር። እርስዎም ሰው በሚተኛበት ሰዓት ሊያግባቡት ሄዱ። አልሰማ ሲልዎት ገፈተሩት።»

«መግደል አልፈለግኩም» አለ ኦክታቪዮ ቀስ ብሎ። «አንዴ ብቻ ነው የገፋሁት።»

«ቃልዎን ጠብቀው አስፈርመው ቢሆን ኖሮ መስመሩ አይጠፋም ነበር። እኔም አምኜዎት ይህችን ልጅ አስሬ እሄድ ነበር።»

ካቴናው የኦክታቪዮ እጅ ላይ ገባ። ማሪቤል ግን ወደ ቤቷ አልሄደችም። ወደ መሣሪያ ክፍሉ ተመልሳ፣ እያለቀሰች፣ በኤቫሪስቶ ወንበር ላይ ተቀመጠችና አድራሻዎቹን ማስፈረም ጀመረች።