ለዲና የተላከ ልብ

አቶ ኤርሳዶ ላጲሶ ገርጂ በሚገኘው የኮንዶሚኒየም ቤታቸው፣ በምግብ ጠረጴዛውና በወጥ ቤቱ በር መካከል በጎናቸው ወድቀው ተገኙ። ከግራ ጆሯቸው በላይ ደም ረግቷል፤ የጠረጴዛው ጠርዝም ደም ነክቶታል። ነጭ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ የተወለወለ ጥቁር ጫማ አድርገው ነበር።

ኢንስፔክተር ነኢማ እንድሪስ ከሬሳው አጠገብ ቁጢጥ ብላ ጫማውን ተመለከተች። ከዚያ ቀና ብላ ጠረጴዛውን አየች። አራት ሳህኖች ተደርድረውበታል፤ ምግብ ግን አልቀረበባቸውም።

ሬሳውን ያገኙት የፎቁ ጎረቤት ወይዘሮ ገንዘቤ ነበሩ። ደረጃው ላይ ተቀምጠው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ያብሳሉ።

«ጠዋት ዳቦ ላደርስላቸው መጣሁ። አንኳኳሁ። መልስ ሳጣ በሩን ገፋ አደረግሁት፤ አልተቆለፈም ነበር።»

«ማታ የሰሙት ነገር አለ?»

«ልጆቼ ቴሌቪዥኑን ከፍተውት ምን ይሰማል ብለሽ ነው! ከመሸ በኋላ ግን በራቸው ሲንኳኳ ሰማሁና ብቅ አልኩ። ያ የልጃቸው የዲና ጓደኛ ነው፣ ሙስአብ። ቴምር በካርቶን ይዟል። ደጋግሞ አንኳኳ፤ የሚከፍትለት ሲያጣ ሄደ።»

ሐኪሙ ምርመራውን ሲጨርስ ነኢማን ወደ መስኮቱ ጠራት።

«ደረታቸው ላይ የመገፋት ምልክት አለ። ተገፍተው ነው የወደቁት» አላት። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወዲያው አልሞቱም። እስከ እኩለ ሌሊት ሳይተነፍሱ አይቀሩም። ሰው ቢደርስላቸው ኖሮ…» ብሎ ተወው።

የሟቹ ስልክ ሶፋው ላይ ተገኘ። የይለፍ ቁጥር የለውም፤ ያገኘው ሁሉ ይከፍተዋል። ነኢማ የመጨረሻውን መልእክት አነበበች። አመሻሽ ላይ ለልጃቸው ለዲና የተላከ ነው። «ዲንዬ ዛሬ ደክሞኛል አትምጡ በሌላ ቀን እንገናኛለን» ይላል። መጨረሻው ላይ አንድ ቀይ ልብ አለ።

ወደ ላይ እየሄደች የቆዩትን መልእክቶች አየች። «እሺ።» «ደርሻለሁ።» «መድኃኒቴን ወስጃለሁ።» ሁሉም በአራት ነጥብ ያልቃሉ። ልብ ግን አንድም የለም። ነኢማ የስልኩን የኢሞጂ ሰሌዳ ከፍታ ትንሽ ቆየችበት፤ ከዚያ ስልኩን በላስቲክ ከረጢት አሽጋ ለባልደረባዋ ሰጠችው። ወጥ ቤት ገብታም ምድጃው ላይ የሱቁ ወረቀት ገና ያልተላጠለት አዲስ ድስት፣ ፍሪጁ ውስጥ ደግሞ በፌስታል የታሰረ ሥጋ አገኘች። በፌስታሉ ላይ የሥጋ ቤቱ ስም ከጨረቃና ከኮከብ ምልክት ጋር ታትሟል።

የበኩር ልጃቸው አምላኩ ከባለቤቱ ከሉላ ጋር የደረሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። መሐንዲስ ነው፤ በቤተ ክርስቲያናቸውም ሽማግሌ ነው። አባቱን በአንሶላ ተሸፍነው ሲያያቸው ሶፋው ላይ ቁጭ አለ። ነኢማ ውኃ እስኪጠጣ ጠበቀችው።

«አቶ አምላኩ፣ አባትዎን የሚጠላ ሰው ነበር?»

«አባባን ማን ይጠላል! ግን ይህ ሙስአብ የሚባል ልጅ እህቴን ሊያገባ ይፈልጋል። አባባ በሃይማኖት ምክንያት እንቢ ብሎት ነበር። ትናንት ማታ እዚህ ነበር አሉ። ለምን እሱን አትጠይቁትም?»

«እንጠይቀዋለን። እርስዎ ትናንት አመሻሽ የት ነበሩ?»

«በመኪናዬ ነበርኩ፤ ከሥራ ወደ ቤት። መንገዱን ያውቁታል፤ ሲዘጋ አይጣል ነው።» ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ዲናን ሳስብ ነው የሚብሰኝ። አባባ በሕይወቱ ልኮላት የማያውቀውን ልብ ልኮላት ሞተ።»

ነኢማ ወደ መኝታ ክፍሉ አለፈች።

ሉላ መኝታ ክፍል ውስጥ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታለቅስ ነበር። ነኢማ ስለ ቤተሰቡ ስትጠይቃት በእንባዋ መሃል ፈገግ አለች።

«የቤተሰብ ግሩፕ አለን። እዚያ ላይ ሰው ስሙ ባይጻፍ እንኳ ይታወቃል። እኔ አበባ አበዛለሁ። ዲና ልብ ነው። አምላኩ የጸሎት እጅ ነው፤ ‹ዳቦ ይዘሽ ነይ› ብሎ እንኳ የጸሎት እጅ ይጨምርበታል። ልማድ ሆኖበታል። አባባ ደግሞ አራት ነጥብ።»

«ኢሞጂ ለምን ይጠሉ ነበር?»

«ሆሳዕና ገጠር ነው ያደገው። አማርኛን ትምህርት ቤት ገብቶ፣ ሲሳሳት እየተገረፈ ነው የተማረው። ‹ቃሉን በዱላ አግኝቼ አሁን በሥዕል ልለውጠው?› ይል ነበር።»

ነኢማ ከሰዓት በኋላ ሙስአብን ላምበረት መናኸሪያ አገኘችው። ወደ ደሴና ኮምቦልቻ የሚሄዱ አውቶቡሶችን ስምሪት ይቆጣጠራል። ዓይኑ ቀልቷል፤ አልሸሸም።

«ዲና ደውላ ነገረችኝ» አለ። «ገድለሃቸዋል ልትሉኝ ነው የመጣችሁት?»

«የሆነውን እንድትነግረኝ ነው የመጣሁት።»

«ትናንት ቀን ላይ ለዲና ደውለው ‹ማታ ነይ፤ ያንንም ልጅ ይዘሽው ነይ› አሏት። ሁለታችንም ልባችን ቆሞ ነበር። መገናኛ ስንደርስ ‹አትምጡ› የሚል መልእክት መጣላት። እሷን ወደ ቤቷ ሸኘሁ። እኔ ግን አላስቻለኝም። ቴምሩን ሰጥቼ፣ ሰላም ብዬ ብቻ ልመለስ ብዬ ሄድኩ። አንኳኳሁ። የተቀየሙኝ መሰለኝና ተመለስኩ።»

«በሩ አልተቆለፈም ነበር።»

ሙስአብ ፊቱ አመድ መሰለ። «የሰው በር እንዴት ይገፋል?» አለ በዝግታ።

«መልእክቱን ዲና አሳየችህ?»

«አላሳየችኝም፤ ‹ደክሞኛል፣ አትምጡ ብሏል› ብቻ አለችኝ። ስልኩን ደረቷ ላይ ለጥፋ ፈገግ ብላ ነበር፤ ገርሞኛል።»

«አንተ መልእክት ስትልክ ኢሞጂ ትጠቀማለህ?»

«እኔ? ተሳፋሪ ‹አውቶቡሱ ተበላሽቶ ሜዳ ላይ ቀረን› ብሎ ጻፈልኝ፤ በስህተት የሚስቅ ፊት ላክሁለት። እስከ ዛሬ አያናግረኝም። ከዚያ ወዲህ በድምፅ ነው የምልከው።»

ዲና ቦሌ ሚካኤል አካባቢ በተከራየችው አንድ ክፍል ውስጥ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ነበር። ነኢማ ጫማዋን አውልቃ አጠገቧ ተቀመጠች።

«አባባ ሲጽፍ የተቆጣ ይመስላል» አለች ዲና። «‹እሺ› ብሎ አራት ነጥብ ያደርግበታል። ልጅ ሆኜ እናቴ ሞታ እሱ ነው ያሳደገኝ፤ ፊቱን አይቼ ሁሉን ነገር አውቅ ነበር። ለብቻዬ መኖር ስጀምር ግን ፊቱ ጠፋኝ። ቃሉ ብቻ ቀረ። ‹አባባ፣ ተቆጥተህ እንዳልሆነ እንዳውቅ አንድ ልብ ብቻ ጨምርበት› እለው ነበር። ግሩፑ ላይ ሳይቀር ለምኜዋለሁ። ‹ልቤ ስልክ ውስጥ አይገባም› ይለኛል።»

«ትናንት ግን መጣልሽ።»

ዲና ራሷን ነቀነቀች፤ እንባዋ ወረደ። «አዎ። ይቅር ብሎኛል ማለት ነው ብዬ… አልደወልኩለትም። ብደውል የሚበላሽብኝ መሰለኝ።»

«ለማን አሳየሽው?»

«ለማንም። ለሙስአብም አላሳየሁም። አንድ ቀን ለብቻዬ ላሳድረው ብዬ።» ቀና አለች። «ለምን ይጠይቁኛል?»

ነኢማ እጇን ጨብጣት ጫማዋን አድርጋ ወጣች። እዚያው ሰፈር፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ በፌስታሉ ላይ ስሙ የታተመው ሥጋ ቤት ነበረ። ባለቤቱ ሐጂ ሐሩን አቶ ኤርሳዶን ወዲያው አስታወሷቸው።

«እንዴት እረሳቸዋለሁ! በሩ ላይ ቆመው መግባት አፈሩ። ‹እኔ ጴንጤ ነኝ፤ ልጄ የምታገባው ልጅ የእናንተ ነው። ማታ ቤቴ ይመጣል። የሚበላውን ላቀርብለት ፈልጌ ነው› አሉኝ። ሥጋውን ቆርጬ ስሰጣቸው ደግሞ ‹ድስቱስ? በእኛ ድስት ቢሠራ ይበላል?› ብለው ጠየቁ። ‹አባቴ፣ ከልብዎ ከሠሩለት ይበላል፤ ግን ልብዎ እንዲያርፍ ከፈለጉ አዲስ ይግዙ› አልኳቸው። ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር የሄዱት።»

ነኢማ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። ከዚያ አመስግናቸው ሄደች።

ከቀብሩ ማግስት ሁሉንም በአቶ ኤርሳዶ ሳሎን ሰበሰበቻቸው። አምላኩና ሉላ ሶፋው ላይ፣ ዲና በአባቷ ወንበር፣ ሙስአብና ወይዘሮ ገንዘቤ በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ሁለት ፖሊሶች ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል። አራቱ ሳህኖች አሁንም ጠረጴዛው ላይ ናቸው።

«ዲና» አለች ነኢማ፣ «ዛሬ የምናገረው ይጎዳሻል። ይቅር በይኝ።»

ዲና ምንም ሳይገባት ራሷን ነቀነቀች።

«አቶ ኤርሳዶ በዚያ ቀን ሙስሊም ሥጋ ቤት ድረስ ሄደው ሥጋ ገዙ። ሙስአብ እንዳይከብደው አዲስ ድስት ገዙ። ሸሚዝና ጫማቸውን አድርገው ጠረጴዛ አሰናዱ። ሊመርቋችሁ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ‹ደክሞኛል አትምጡ› አይልም።»

ሙስአብ ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ዲና ግን ነኢማን ትክ ብላ እያየች ነበር።

«መልእክቱን…»

«መልእክቱን የጻፉት እሳቸው አይደሉም። ዕድሜያቸውን ሙሉ አራት ነጥብ ያልረሱ ሰው በዚያች ሰዓት ረሱ ማለት ነው? ልቡም የእሳቸው አይደለም።»

ከዲና ጉሮሮ ድምፅ ወጣ፤ ቃል ግን አልነበረም። ወይዘሮ ገንዘቤ ተነሥተው አቀፏት።

«ታዲያ ማን ነው የጻፈው?» አለች ነኢማ። «ስልኩ ለማንም ይከፈታል። ነገር ግን ስልክ ጣት የነካውን ኢሞጂ ያስቀምጣል፤ ላኪው መልሶ ቢያጠፋውም ከሰሌዳው አይጠፋም። በአቶ ኤርሳዶ ስልክ ሁለት ብቻ ተነክተዋል። መጨረሻ የተነካው ቀይ ልብ ነው። ከእሱ በፊት ደግሞ ሁለት የተጋጠሙ መዳፎች። ጸሐፊው መልእክቱን ሲጨርስ እጁ እንደ ልማዱ የጸሎት እጅ ነካ፤ ደንግጦ አጠፋውና ልብ አደረገበት።»

ሉላ ቀስ ብላ ወደ ባሏ ዞረች።

«የጸሎት እጅ ብዙ ሰው ይልካል» አለ አምላኩ።

«ልክ ነው። በእሱ ብቻ ማንንም አልከስም። ግን እርስዎ በመጀመሪያው ቀን ‹ልኮላት የማያውቀውን ልብ ልኮላት ሞተ› አሉኝ። ስልኩ እርስዎ ከመድረስዎ በፊት ታሽጎ ነበር። እኔ ስለ ልቡ አልነገርኩዎትም። ዲና ደግሞ ለአንድም ሰው አላሳየችም። ልብ እንደተላከ የሚያውቁት የደረሳትና የላከው ብቻ ናቸው። እስኪ ይንገሩኝ፣ ይህ አራተኛው ሳህን ለማን ነበር የተቀመጠው?»

አምላኩ ሳህኑን ብዙ አየው።

«ለእኔ» አለ። «ቀን ላይ ደውሎልኝ ነበር። ‹እህትህን ስመርቅ አጠገቤ ቁም› አለኝ። አስቀድሜ መጣሁ። ተው ብዬ ለመንኩት፤ በጌታ ስም ለመንኩት። ‹አምላኩ፣ እኔ ልጄን አላጣም› አለኝ። ደረቱን ገፋሁት። አንዴ ብቻ። አንዴ ብቻ ነው የገፋሁት! የሞተ መሰለኝ።»

«አልሞቱም ነበር። እስከ እኩለ ሌሊት ተንፍሰዋል።»

አምላኩ ዓይኑን ከሳህኑ ወደ ነኢማ አነሣ። ይህን አያውቅም ነበር።

ዲና ከወይዘሮ ገንዘቤ እቅፍ ወጥታ ፊቱ ቆመች። «ለምን ልብ?» አለችው።

«ሌላ ነገር ብጽፍ ትመጪ ነበር» አለ ቀና ሳይል። «ልብ ካየሽ ግን ምንም እንደማትጠይቂ አውቅ ነበር።»

«ደስ ብሎኝ ነበር» አለች ዲና፤ ለእሱ ይሁን ለራሷ አይታወቅም። «አባባ እዚህ እየተነፈሰ እኔ ሚኒባስ ውስጥ ደስ ብሎኝ ነበር።»

አላለቀሰችም። ነኢማ ምነው ባለቀሰች ብላ ተመኘች። ሙስአብ ሊይዛት ተነሣ፤ ግን ዳር ላይ ቆመ። እሱም ያን በር አንኳኩቶ ተመልሷል።

ፖሊሶቹ አምላኩን ይዘው ሲወጡ ሉላ መሬት ላይ ተዘረጋች። ስልኳ በቦርሳዋ ውስጥ ደጋግሞ ጮኸ። ወይዘሮ ገንዘቤ አውጥተው አነሡት፤ አዳምጠውም በእጃቸው ከደኑት።

«የልጆቹ ትምህርት ቤት ነው» አሉ ግራ ተጋብተው። «ሁሉም ልጆች ሄደዋል፤ የእናንተ ሁለቱ ብቻ ቀርተዋል፤ ማን ይወስዳቸዋል ይላሉ።»

ዲና ፊቷን በሻሿ ጠረገች።

«አክስታቸው እየመጣች ነው በሏቸው» አለች።

ነኢማ በመኪናዋ አደረሰቻት። ሁለቱ ልጆች በሩ ላይ ከዘበኛው ጋር ቆመዋል። ትንሿ እየሮጠች መጥታ ዲና እግር ላይ ተጠመጠመች።

«አባዬ ለምን አልመጣም?»

ዲና ጎንበስ ብላ የልጅቷን ቦርሳ ከትከሻዋ አወረደች። አንገቷ ሥር ሳመቻት።

«ቤት ስንደርስ እነግራችኋለሁ» አለች።

ነኢማ መኪና ልታስገባቸው በሩን ከፈተች። ዲና ግን በእጇ አመሰገነቻትና አንዱን በቀኝ፣ አንዷን በግራ ይዛ በእግር ተነሣች። ማዞሪያው ጋ ሲደርሱም ወደ ቤት የሚያደርሰውን አጭሩን መንገድ ትታ፣ በረጅሙ በኩል ሄደች።