እውነተኛን የማያቃጥል ውሃ

ሰልፉ አንድ እርምጃ ተጠጋ። ሎርፑ ምላሷን ወደ ጉንጯ ላከችና ወዲያው ሰበሰበችው። ቁስሎቹ አሁንም አሉ፤ አንዱ ከታችኛው ከንፈሯ በስተውስጥ፣ ሌላው የተሰበረው ጥርሷ በሚፍቀው ጉንጯ ላይ።

ከፊት፣ ከሩዝ ሙቀጫው አጠገብ፣ የሴት ተማሪዎቹ አዳሪ ቤት ኃላፊ እማማ ጎርፑ ኩባያ ይዘው ቆመዋል። ልጃቸው ከሞንሮቪያ የላከላቸው ስልክ ትናንት ከትራሳቸው ሥር ጠፍቷል። ኩባያው ውስጥ ሎሚ የተጨመቀበት፣ ቃሪያ የተወቀጠበት ውሃ አለ። እያንዳንዷ ልጅ ትጉመጠመጣለች፤ ፊቷን ያጨማደደች ሌባ ናት። ውሃው እውነተኛን አያቃጥልም ብለዋል እማማ፤ እናታቸውም ሌባ የሚይዙት እንዲህ ነበር። ቃሪያ መርማሪ፣ ሎሚ ዳኛ ሆኖ ተሾመ፤ ከግቢው ትልልቅ ሰዎች ግን አንድም ያፈረ አልነበረም።

ሎርፑ ስልኩን አልነካችም። ባለፈው ሳምንት ግን ክሊኒክ ሄዳ ነበር። ነርሷ አፏን በባትሪ አየችላት። የጉንጯ ቁስል የጥርሱ ስለት ያመጣው ስለሆነ ጥርሱን ማስሞረድ እንዳለባት፣ የከንፈሯ ደግሞ በፈተና ሰሞን እንቅልፍ ያጣ ሰው ላይ እንደሚወጣ ነገረቻት። ለብ ባለ የጨው ውሃ እንድትጉመጠመጥ፣ በሁለት ሳምንት ካልዳነ እንድትመለስ አዘዘቻት። ሎሚና ቃሪያ እንዳይደርስብሽም አለቻት።

ይህን ለማንም አልተናገረችም። የመኝታ ቤት ጓደኛዋ ሙሱ፣ ሎርፑ ሩዟን ስትተው አይታ «እህት፣ የማንን አፍ ስመሽ ነው?» ብላ መኝታ ቤቱን በሳቅ አናውጣው ነበር። ከሳቁ የባሰው ከኋላው የመጣው ሹክሹክታ ነው፤ የኤድስ ስም። ብታሳይ በሽተኛ፣ ብትደብቅ ሌባ።

የሙሱ ተራ ደረሰ። ተጉመጥምጣ ተፋች።

«የእናቴ ሾርባ ከዚህ ይብሳል» አለች። ግቢው ሳቀ። ንጹሕ ናት ተባለ።

የሎርፑ ተራ ቀረበ። ጥርሷን ነክሳ ፈገግ ብትልስ? ያኔ ከኋላ ቀሚሷን የሚጨብጥ እጅ ተሰማት። ከኋላዋ የተሰለፈችው ኬቤ ነበረች፤ ከወባ ገና መነሣቷ ነው፣ የአፏ ጥግና ጥግ ተሰነጣጥቋል።

«ሎርፕዬ፣ በጣም ያቃጥላል?»

ወዲያው ኩባያው ከሎርፑ እጅ ገባ። ሽታው ብቻ ዓይኗን በእንባ ሞላው።

«ተጉመጥመጪ እንጂ ልጄ» አሉ እማማ። «ያልሰረቀ ምን ያስፈራዋል?»

ሎርፑ ወደ ፀሐይ ዞረች። ከንፈሯን በጣቷ ገልብጣ አፏን ከፈተች፤ ሙሱም እንድታይ፣ ሁሉም እንዲያይ። ሹክሹክታው ወዲያው ተነሣ።

«ቁስል ነው፣ እማማ። ነርሷ ታውቃለች። ባልሰርቅም ያቃጥለኛል።»

እማማ ቀረብ ብለው አዩ፤ ፊታቸው ግን አልተፈታም።

«እሺ፣ ያንቺን ኋላ እናየዋለን። ለኬቤ አቀብያት።»

ሎርፑ ዞር ብላ የኬቤን ከንፈር አየች። ኩባያውን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች እንጂ አላቀበለችም።