ሌዘሩ ያልጠፋበት እሁድ

የተዋወቁት አየር ጤና፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። በዝናብ የሌሊሴ ጃንጥላ የጉልላትን ዓይን ወጋው።

«ውይ በሞትኩት! ጎዳሁህ?»

«ምንም አይደል፤ ዩኒቨርሲቲ፣ ሌዘር ክፍል ስለምሠራ ዓይኔን ከባሰ ነገር ነው የምጠብቀው።»

«ሌዘር? እኔም እኮ ዛሬ እዚያ ነው የምጀምረው!»

ሥራው ትዕግሥት ያስጨርሳል። አየሩ ተመጥጦ በወጣ የብረት ጋን ውስጥ ሌዘር የሚባለው ኃይለኛ ጨረር አንድ ቁስ ይመታል፤ የተነነው የጋለ መስታወት ላይ ያርፍና የፀሐይን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር፣ ከፀጉር እጅግ የቀጠነ ንጣፍ ይሆናል። መሀል ላይ ከተቋረጠ አለቀ፤ ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ። ሁለት ዓመት አብረው ሲያበላሹ ከረሙ፤ ሲያበላሹም ተዋደዱ።

የጉልላት ወላጆች በሕይወት የሉም። መምህራቸው ዶክተር ነገሬ የሽማግሌዎች መሪ ሆነው ቤቴል፣ ወደ ሌሊሴ አባት ወደ አቶ ቀጄላ ሄዱ። አባትም እንደ ወጉ «እንመካከርበት» ብለው ለእሁድ አስር ሰዓት ቀጠሩ። ሌሊሴ ደስታዋን መደበቅ አቃታት።

ሳምንቱን ሙሉ ሲመጣ ሲሄድ የከረመው መብራት፣ ምን ክፉ ነገር እንደነካው እንጃ፣ እሁድ ዕለት ጸና፤ ጉልላትም ጠዋት ሥራውን ጀመረ። ሌዘሩን የሚያስተካክሉት ዶክተሩ ብቻ ስለሆኑ እሳቸውም አብረውት ዋሉ።

«ልጄ፣ ሰዓቱ ደረሰ። እናጥፋው?»

ጉልላት በጋኑ ትንሽ መስኮት ወደ ውስጥ ያያል። ንጣፉ እንዲህ አምሮ አያውቅም።

«ትንሽ ይታገሱኝ ዶክተር። አሁን ካጠፋነው አበቃለት።»

ቤቴል ምግቡ ቀዘቀዘ። ሌሎቹ ሽማግሌዎች ያለ መሪያቸው አንገባም ብለው አየር ጤና ቆመው ቀሩ። ሌሊሴ ደጋግማ ደወለች፤ ስልኮቹ ግን ከሌዘሩ ክፍል ውጭ ነበሩ። ሲመሽ አቶ ቀጄላ ተነስተው በሩን ዘጉ።

«ከልጄ የሚበልጥ ጉዳይ ያለው ሰው ጉዳዩን ያግባ» አሉ።

ሰኞ ጠዋት ጉልላት መስታወቱን ይዞ ሌዘሩ ክፍል ጠበቃት።

«ሌሊ፣ ተሳካ! አባትሽን እግራቸው ላይ ወድቄ እለምናቸዋለሁ።»

ተቀብላው ወደ ብርሃን አነሳችው። እንከን የለውም። እንባዋ መጣ።

«አባዬን እኔም እለምነው ነበር። ግን ጉልላት፣ ብትደውልልኝ ምን እልህ እንደነበር ታውቃለህ?»

ጉልላት ዓይኑን ወደ መስታወቱ መለሰ።

«‹እንዳታጠፋው› ነበር የምልህ። እኔም እኮ ለፍቼበታለሁ። አንተ ግን አልጠየቅከኝም።»

ጠርዙን ብቻ ይዛ፣ በጥንቃቄ መለሰችለትና ወጣች። ጉልላት ሊከተላት ፈልጎ ነበር። መስታወቱን የሚያሳርፍበት ቦታ ሲፈልግ እሷ ታክሲ ተሳፍራለች።