የኋላ ጎማ ወይስ አራቱም

«የተከበራችሁ የስብሰባው ተሳታፊዎች» አለ አህመዲን፣ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ጉሮሮውን ከጠረገ በኋላ። ሁሉም ጸጥ እስኪሉ ጠበቀ። «ጣውላው መጥቷል።»

ተሳታፊዎቹ ሦስት ነበሩ። ጣውላውም እውነትም መጥቷል፤ በእውቀቱ ከአባቱ እንጨት መሸጫ በትከሻው ተሸክሞት መጥቶ አሁን ከውሃ ታንከሩ ሥር ካፊያ እየጠጣ ተጋድሟል። ሁዳ አጨበጨበች። በእውቀቱ አጨበጨበ። ይርዳውም አጨበጨበ፤ ግን ከሁሉም ዘግይቶ።

ትምህርት ከተዘጋ ጀምሮ አራቱ ልጆች ከመካነ ሰላም ዳገት አናት ላይ ኃይለኛ ስፖርት መኪና እየሠሩ ነበር። ጎማዎቹ ከጋራዥ ተለምነው የመጡ አራት ኩሽኔታዎች ናቸው። መሪው ገመድ ነው። አፍንጫው ለሁለት የተሰነጠቀ የዘይት ጀሪካን ነው። የሞተሩ ጉዳይ «በይደር ይታያል» ተብሎ ታልፏል፤ የፍሬኑም ጉዳይ ከሞተሩ ጋር አብሮ አድሯል። ሊታለፍ ያልቻለው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ መኪናው በኋላ ጎማው ይሂድ ወይስ በአራቱም? ኩሽኔታዎቹ አራቱም እኩል ስለሆኑ ልዩነቱ አፍንጫው ላይ በቀይ ቀለም የሚጻፈው ጽሑፍ ነበር። ቢሆንም አህመዲን «ምኑ እንደሚገፋው ያልታወቀ መኪና አይነዳም» ብሎ ወስኗል።

ሹፌሩ ይርዳው ነው። በጥር ደጎሎ አጎቱ አራጌ ዘንድ ሄዶ ነበር፤ አጎቱ አይሱዙ ይነዳል። ይርዳው ሲመለስ መኪናዋን ከገበያው እስከ ወፍጮ ቤቱ እንደነዳት ለክፍሉ ልጆች ተናገረ። እውነቱ ግን ጋቢና ውስጥ በአጎቱና በረዳቱ መሀል ተቀምጦ መንገዱን ሙሉ ፌስታል ውስጥ ሲያስመልስ ነበር። ስለዚህ ሹፌር ሲመረጥ የተቃወመ አልነበረም።

«ወንድሜ ሪያድ ነው ያለው» አለ አህመዲን። ክርክሩ ሁልጊዜ የሚከፈተው በዚህ ነው። «ሙሐመድአሚን የሚነግረኝ በዓይኑ ያየውን ነው። እውነተኛ ስፖርት መኪና በኋላ ጎማው ነው የሚገፋ። የፊቱ ለመሪ፣ የኋላው ለጉልበት። ሥራ ተከፋፍለዋል። መኪናው ቀለል ይላል፣ ይታዘዝሻል።»

«ሪያድ ነሐሴ የለም» አለች ሁዳ። በፊዚክስ ከክፍሉ አንደኛ ስለሆነች ድምፅዋን ከፍ ማድረግ አያስፈልጋትም። «ያ ሁሉ ጉልበት ሁለት ጎማ ላይ ሲወድቅ፣ እርጥብ አስፋልት ላይ ጎማው በባዶ ይሽከረከራል፤ ጅራቱ ዞሮ ፊቱን ይቀድመዋል። አራቱም ከሳቡ ግን ጉልበቱ ይከፋፈላል። መሬቱን ቆንጥጦ ይሄዳል።»

«ያን ሁሉ ብረት ተሸክሞ?»

«ከነብረቱ ይድረስ እንጂ።»

«ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» አለ በእውቀቱ።

«አንተ ጣውላ አምጥተሃል፤ ይበቃሃል» አለው አህመዲን። ከዚያ ወደ ሰማይ ቀና አለ፣ እጁን ዘርግቶ ካፊያውን ለካና ተነፈሰ። «እሺ። ነሐሴ መሆኑን አልክድም፣ ወላሂ። እንግዲህ አራቱም ይሁን።»

ይርዳው ቶሎ ጠጋ አለ። ሰሞኑን ሁሉ ነፍሱን ያቆየው ይኸው ክርክር ነው። የኋላ ጎማ ሲያሸንፍ ለአራቱ ይሟገታል፣ አራቱ ሲያሸንፉ ለኋላው። ጥያቄው ካልተዘጋ መኪናው አይነዳም፤ መኪናው ካልተነዳ ይርዳው ደህና ነው።

«ቆይ ቆይ» አለ። «ኩርባው ላይስ? ኃይለኛ መኪና በአራቱም ሲስብ፣ መሪውን አጥፈህለት እንኳ አልታጠፍም ብሎ ወደ ፊት የሚገፋ አለ። የኋላ ጎማ ከሆነ ግን የፊቱ ነጻ ነው፤ ይታጠፍልሃል።»

የአህመዲን ፊት በራ። «አየሽ? የነዳ ሰው ሲናገር።»

«ባለፈው ሳምንት አራቱም ይሁን ስትል አልነበር?» አለች ሁዳ ወደ ይርዳው ዞራ።

«ሰው ይማራል።»

ሁዳ አተኩራ አየችው። «ይርዳው፣ ደጎሎ ላይ ስትነዳ ማርሽ የምትቀይረው በየትኛው እጅህ ነበር?»

ይርዳው ግራ እጁን አነሳ። ሁዳ ያነሳውን እጅ አየች፣ ከዚያ ፊቱን አየች፣ ከዚያ ጫማዋን። ከታች አንድ አይሱዙ እያቃሰተ ዳገቱን ይወጣ ነበር፤ የሹፌሩ ቀኝ እጅ ማርሹ ላይ ነበር። ይርዳው የፈራው መጋለጡን ነበር፤ ሁዳ ዝም ስትለው ግን ይበልጥ ፈራ።

«በቃ፣ እሁድ ጠዋት ድምፅ ይሰጣል» አለ አህመዲን ከድንጋዩ ላይ እየወረደ። «ወዲያው እንነዳለን። ኢንሻአላህ።»

ቅዳሜ ጣውላው ተመታ፣ ኩሽኔታዎቹ ተገጠሙ። ማታ ይርዳው ተኝቶ ዳገቱን በጣራው ላይ ያየው ነበር። ከታንከሩ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ከባሕር ዛፉ ዘንድ ይታጠፋል፣ ኩርባው ላይ የቦዩ የሲሚንቶ ከንፈር አለ። ከደጎሎ ሲመለሱ ጉድባ ውስጥ ተገልብጦ ያዩት ፒካፕ ትዝ አለው። ረዳቱ በመስኮት አሻግሮ አይቶት «ፎር ዊል ነው» ብሎ ነበር። «ገደሉ አፋፍ ድረስ አንዴም ሳያንሸራትት አደረሰው።» አጎቱ ስቆ ነበር። ይርዳው ያኔ ፌስታሉ ውስጥ ስለነበር አልሳቀም። አሁንም አላሳቀውም።

ጠዋት እናቱ ሙሉሐረግ ያልተነካውን ሽሮ አይታ ግንባሩን ዳሰሰች።

«ምን ሆነሃል? አንተ በፍልሰታ እንኳ ሦስቴ የምትበላ ልጅ።»

«ምንም። ልጆቹ ይጠብቁኛል።»

«እጅህ በረዶ ሆኗል።»

«ብርድ ነው» አለ፤ ወጣ።

መኪናው አፍንጫውን ወደ ቁልቁለቱ አድርጎ ቆሟል። ከግራ ፊት ጎማው ሥር የጭንቅላት መጠን ያለው ድንጋይ ተወትፏል። ሁዳ ለጥንቃቄ ከኋላ የታሰረውን ገመድ እጇ ላይ ጠቅልላለች። በእውቀቱ ከጎን ቆሟል፤ ከኪሱ የቁስል ፋሻ ጫፍ ብቅ ብሏል፤ ይርዳው ሲያየው መልሶ ወደ ውስጥ ጠቀጠቀው። አህመዲን አንድ እግሩን ከቀኙ ፊት ጎማ ፊት ደቅኖ ብሩሹን ቀለም ውስጥ ነከረ። ከብሩሹ ቀይ ጠብታ ጫማው ላይ ወደቀ፤ ሌላም ወደቀ።

«እጅህ ይንቀጠቀጣል» አለው በእውቀቱ።

«ብርድ ነው» አለ አህመዲን። «ድምፅ እንስጥ። እኔ የኋላ ጎማ።»

«አራቱም» አለች ሁዳ። ድምፅዋ ቀጥኗል።

«በእውቀቱ?»

«ሁለታችሁም...»

«ፋራ አትሁን፣ ድምፅ ነው የተጠየቅከው።»

በእውቀቱ አሰበ። «እንግዲያው ለኋላው ግማሽ፣ ለአራቱ ግማሽ።»

«እኩል ለእኩል» አለ አህመዲን፤ ወደ ይርዳው ዞረ። «ቀሪው የሹፌሩ ድምፅ ነው። ተቀመጥና ንገረን። ያልከውን እጽፋለሁ፣ ከዚያ ትሄዳለህ።»

ይርዳው ቁልቁል አየ። አስፋልቱ በሌሊቱ ዝናብ ጠቁሮ ያበራል። ሰው የለም፣ ከብት የለም፣ መኪና የለም። ኩርባው ብቻ አለ፤ ከኩርባው ላይ ያ ግራጫ የሲሚንቶ ከንፈር። የኋላ ጎማ ቢል እዚያው ነው። አራቱም ቢል እዚያው ነው። ሌላ የሚያነሳው ክርክር ፈለገ፤ ክርክሩ ግን አልቋል። ቀና ብሎ ልጆቹን አየ። ሦስቱም የሚያዩት ድንጋዩን ነበር።

«አብሽር» አለው አህመዲን ቀስ ብሎ። ለማን እንደሆነ አልለየም።

ይርዳው አልተቀመጠም። ተጎነበሰ። እንደገና መንገዱን እስከ ኩርባው አየና ባዶ መሆኑን አረጋገጠ። ከዚያ ድንጋዩን በሁለት እጁ አቅፎ አነሳው።

መኪናው መጀመሪያ አልተንቀሳቀሰም። ቀጥሎ አንድ ኩሽኔታ ሲጥ አለ፤ መኪናው ትንሽ ሄደ፤ ጨመረ። አካሄዱ ዝግ ያለ ነበር፤ ማንም በአንድ እጁ ሊያቆመው በሚችልበት ፍጥነት በበእውቀቱ ጎን አለፈ። በእውቀቱ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። የሁዳ ገመድ ተወጠረ፤ ጣቶቿ አንድ በአንድ ተከፈቱና ገመዱ መኪናውን ተከትሎ እየተንፏቀቀ ሄደ።

ከዚያ በኋላ የሰሙት የብረቱን ጩኸት ነው። መኪናው ቀጥ ብሎ ወረደ፤ ኩርባው ጋ ሲደርስ በየትኛውም ጎማው ለመታጠፍ አልሞከረም። የሲሚንቶውን ከንፈር መታ። ጣውላው ለሁለት ሲሰበር ድምፁ ዘግይቶ ደረሳቸው። አንድ ኩሽኔታ ብቻውን ጥቂት ተንከባሎ ባሕር ዛፎቹ መሀል ገባ።

ካፊያው ጀመረ። ይርዳው ድንጋዩን እንደታቀፈ ነው። ሁዳ መዳፏ ላይ የቀረውን የገመድ ምልክት ታያለች። በእውቀቱ ረጅም ትንፋሽ አወጣ፤ ፋሻውም ከኪሱ ወደቀ፤ አላነሳውም።

አህመዲን ብሩሹን እንደያዘ፣ ለመኪናው ማለፊያ ያነሳውን እግር መሬት ሳያስነካ በአንድ እግሩ ቆሞ ነበር።